የፊት ማድያትን በአዩርቬዳ ለማከም ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ማድያት አያምም፣ አያሳክክም፤ መስታወት በታየ ቁጥር ግን ሰውን ያሳዝናል። ስለዚህ መፍትሔ የማይፈለግበት ቦታ የለም። አንዷ እህቷ ከዱባይ የላከችላትን ዘይት ትቀባለች፤ ሌላዋ በቴሌግራም «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት ታዝዛለች፤ ለሌላ ሕመም ህንድ ሄዶ የነበረው ደግሞ በዚያው ወደ አዩርቬዳ ክሊኒክ ጎራ ብሎ እንክብል ይዞ ይመለሳል።

«አዩርቬዳ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው ጥያቄ ለውሳኔ አይበቃም። ፊት ላይ የሚቀባው፣ በአፍ የሚዋጠው፣ ሆድ የሚያስቀምጠውና ደም የሚያወጣው ሁሉ በአዩርቬዳ ስም ይጠራል፤ የሚያስከትሉት አደጋ ግን በጣም ይለያያል። እያንዳንዱን ለየብቻ መመዘን አለብዎት። የሚከተሉት ነጥቦች ለዚህ ይረዱዎታል።

1. ጥቁረቱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ መድኃኒት አይምረጡ

ማድያት የራሱ መልክ አለው። ቡናማ ወይም ግራጫ ቀለም ይዞ በጉንጭ፣ በግንባር፣ በአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ በግራም በቀኝም ተመሳስሎ ይወጣል። ወንዶችንም ይይዛል፤ በብዛት የሚታየው ግን በሴቶች ላይ ነው። እርግዝና፣ ሆርሞን ያለባቸው የወሊድ መከላከያዎች፣ የቤተሰብ ውርስና ፀሐይ ዋነኞቹ ቀስቃሾች ናቸው።

ብጉር ሲድን ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ነጥብ፣ ምላጭ ወይም ሰም ያስቆጣው ቆዳ የሚይዘው ጥቁረት ከማድያት ይለያሉ። መነሻቸው የቆዳ መቆጣት ስለሆነ ብጉሩ ሳይቆም ምልክቱን ማከም ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው።

ከታች ያሉት ምልክቶች ካሉዎት ግን ስለ ዘይትና ዱቄት ከማሰብዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፦

• አንገትና ብብት ላይ ቆዳው ወፍሮ ከጠቆረ። ይህ ብዙ ጊዜ ሰውነት ኢንሱሊንን በአግባቡ አለመጠቀሙን፣ ማለትም የስኳር በሽታ መቃረቡን ይጠቁማል።
• መላ ሰውነትዎ እየጠቆረ፣ ድድዎና የመዳፍዎ መስመሮች ጭምር ቀለም ከያዙና ድካምና ክብደት መቀነስ ካለብዎ። አዲሰን የሚባለው የአድሬናል ዕጢ በሽታ እንዲህ ይጀምራል።
• አንድ ነጥብ ብቻውን ጠርዙ ከተዛባ፣ ቀለሙ ከተደባለቀ፣ እያደገ ከሄደ ወይም ከደማ።
• ማቅሊያ ክሬም ለረጅም ጊዜ ተቀብተው ጥቁረቱ እየባሰ፣ ወደ ሰማያዊ ጥቁር እየሄደ ከሆነ። ሃይድሮኪኖን የተባለው መድኃኒት ያለ ሐኪም ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ይህን ጉዳት ያመጣል።

በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ በቆዳ ሐኪም መታየት ለወራት ከሚገዛ ዘይት ያነሰ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ይበልጣል።

2. አዩርቬዳ ስለ ማድያት የሚለውን ይረዱ

በህንድ የተወለደው ይህ የሕክምና ሥርዓት ለችግሩ የራሱ ስም አለው፤ «ቪያንጋ» ይለዋል። ከጥንታዊ መጻሕፍቱ አንዱ የሆነው ሱሽሩታ ሳምሂታ ቪያንጋን ከቀላል በሽታዎች ተርታ መድቦ፣ ሕመም የሌለው፣ ስስና ጠቆር ያለ የፊት ምልክት አድርጎ ይገልጸዋል። መነሻው ቁጣና ድካም ነው ይላል፤ እነዚህ «ቫታ» እና «ፒታ» የተባሉትን የሰውነት ኃይሎች ያናጋሉ ብሎ ያስተምራል።

የጥንቶቹ ሰዎች ምልክቱን አስተውለው አይተዋል። ስለ መንስኤው የሰጡት ትንታኔ ግን ዛሬ ቀለም አምራች ስለሆኑት የቆዳ ሴሎች ከሚታወቀው ጋር አይገጥምም። ይህን ማወቅ በተግባር ይጠቅምዎታል። የአዩርቬዳ ባለሙያው ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ምግብዎና ስለ ሆድ ድርቀት ቢጠይቅዎ በሥርዓቱ መሠረት ሥራውን እየሠራ ነው። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ወሊድ መከላከያና እስካሁን ስለተቀቡት ክሬም ካልጠየቀዎ ግን ዋናውን ዘሎታል፤ እርስዎ ራስዎ ያንሱለት።

«ፒታ ይጨምራል» ተብሎ በርበሬ፣ ጎምዛዛና ጨዋማ ምግብ እንዲተዉ ሊነገርዎ ይችላል። ለጥቂት ሳምንት በርበሬ መቀነስ አይጎዳም። ሥጋውንም ወተቱንም ጥራጥሬውንም አንድ ላይ የሚያስቀር ዝርዝር ከተሰጠዎ ግን አይቀበሉት፤ ሰውነትዎን አዳክመው ፊትዎን አያጠሩም።

3. የቀረበልዎ ሕክምና ከአራቱ የትኛው ነው?

የሚቀባ። «ሌፓ» የሚባለው ልጥፍና የዕፅዋት ዘይት ነው። ሰንደል፣ እርድ፣ እሬት፣ ሊኮሪስ የተባለው ጣፋጭ ሥርና ማንጂሽታ የሚባለው ቀይ ሥር በብዛት ይገባሉ። ከአራቱ ጉዳቱ የሚያንሰው ይህ ነው፤ ሊያመጣ የሚችለው በአብዛኛው የቆዳ መቆጣት፣ አለርጂና ብጉር ነው።

የሚዋጥ። ዱቄት፣ እንክብልና ሽሮፕ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ የፊት መሆኑ ቀርቶ የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ግፊት ይሆናል።

የሚያጸዳ። «ፓንቻካርማ» ከሚባሉት ሕክምናዎች መካከል ለቪያንጋ የሚታዘዘው በተለይ «ቪሬቻና»፣ ማለትም ሆን ተብሎ በመድኃኒት ማስቀመጥ ነው። ከሰውነት ውኃና ጨው ያስወጣል። ማድያት ያለበት ሰው አንጀቱ በመታጠቡ ፊቱ እንደሚጠራ የሚያሳምን ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ደም የሚያወጣ። «ራክታሞክሻና» ይሉታል፤ በአልቅት ወይም በመርፌ ይደረጋል። አልቅት በሆዱ የሚሸከመው ባክቴሪያ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ንክሻው ራሱም በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። የደም ማነስ ላለባት ሴት ደግሞ ጭራሽ አይመከርም። ሕመም ለሌለው የፊት ምልክት ይህን ያህል አደጋ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

4. ዘይት ሊገዙ ከሆነ ጠርሙሱን ገልብጠው ያንብቡ

ለፊት ጥራት በጣም የታወቀው የአዩርቬዳ ቅባት ኩምኩማዲ ዘይት ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደተጻፈ በሚታመነው አሽታንጋ ህሪዳያ ውስጥ አሠራሩ ይገኛል። ስሙን ያገኘው ከኩምኩማ፣ ማለትም ከሳፍሮን ነው። በባህላዊው አሠራር ሳፍሮን፣ ሰንደል፣ ማንጂሽታ፣ ሊኮሪስና ሌሎች ዕፅዋት በሰሊጥ ዘይትና በፍየል ወተት ቀስ ብለው ይቀቀላሉ።

አሁን ጠርሙሱን ያዙሩት። በብዙ አገሮች የመዋቢያ ምርት ይዘት የሚዘረዘረው በመጠን ቅደም ተከተል፣ ከብዙ ወደ ትንሽ ነው። መጀመሪያ የሰፈረው ዘይት ምንድን ነው? ሰሊጥ ነው ወይስ የነዳጅ ተረፈ ምርት የሆነው የማዕድን ዘይት? ሽቶ ከዕፅዋቱ በፊት ከተጠቀሰ የሚከፍሉት ለሽታው ነው። ሳፍሮን በዓለም ውድ ከሆኑት ቅመሞች አንዱ ስለሆነ በእኛው የሱፍ አበባ እየተተካ መሸጡ የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ ዋጋው በጣም ረክሶ «ንጹሕ ሳፍሮን» የሚል ካዩ ይጠራጠሩ።

በህንድ ሕግ የአዩርቬዳ መድኃኒት ማሸጊያ ላይ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የማምረቻ ፈቃድ ቁጥር፣ የባች ቁጥር፣ የተመረተበት ቀንና ሙሉ የይዘት ዝርዝር መኖር አለበት። እነዚህ የሌሉበትን፣ በላስቲክ ወይም ስም በሌለው ዕቃ የሚሸጠውን ይተዉት።

ፊትዎ ወዛም ከሆነና ብጉር የሚያስቸግርዎ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ዘይት ቀብቶ ማደር ብጉሩን ሊጨምር ይችላል። አዲስ ብጉር ሁሉ አዲስ ጥቁር ነጥብ ነው።

5. ማስረጃው እስከ ምን እንደሚደርስ ይወቁ

በአዩርቬዳ ዕፅዋት ውስጥ ተስፋ የሚሰጡ ነገሮች አሉ። ሊኮሪስ ውስጥ ያለው ግላብሪዲን፣ ሜላኒን የተባለውን የቆዳ ቀለም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም እንደሚገታ በላብራቶሪ ታይቷል። ለዚህም ነው የሊኮሪስ ንጥር በብዙ ዘመናዊ የፊት ክሬሞች ውስጥ የሚገባው። የእርድ ኩርኩሚንም መቆጣትን ያበርዳል።

ነገር ግን በላብራቶሪ የሠራ ሁሉ በሰው ፊት ላይ አይሠራም። በሙሉ የአዩርቬዳ ውህዶች ላይ የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው ጥቂት ሰዎችን ለአጭር ጊዜ የተከታተሉ ናቸው። በአንጻሩ አዜላይክ አሲድ፣ በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ወራት የሚሰጠው ሃይድሮኪኖንና ትሬቲኖይን የተባሉት መድኃኒቶች በማድያት ላይ በደንብ ተፈትነዋል፤ ጉዳታቸውም በግልጽ ይታወቃል። አዩርቬዳን ቢመርጡም እነዚህ መኖራቸውን አውቀው ይምረጡ።

6. የሚዋጥ ከሆነ ስለ ብረታ ብረቱ ይጠይቁ

ከሁሉም በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። «ራሳ ሻስትራ» የተባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ሜርኩሪ፣ እርሳስና አርሴኒክን ሆን ብሎ በመድኃኒት ውስጥ ያስገባል። በተወሰነ ሥርዓት ሲቃጠሉና ሲነጠሩ መርዝነታቸው ይጠፋል ብሎ ያምናል። ዘመናዊው ሕክምና ግን በእነዚህ መድኃኒቶች የተመረዙ ሰዎችን በየጊዜው መዝግቧል።

በእ.ኤ.አ. 2004 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በቦስተን አካባቢ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። በ2008 እዚያው መጽሔት ላይ በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በኢንተርኔት ከተገዙ 193 ምርቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እነዚህን ይዘው ተገኝተዋል። አሜሪካ የተመረተውም ህንድ የተመረተውም በዚህ ረገድ ብዙም አልተለያየም። ስለዚህ «አሜሪካ የተሠራ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

እሽጉ ላይ «ባስማ»፣ «ራሳ»፣ «ፓራዳ»፣ «ሲንዱራ»፣ «ካጃሊ»፣ «ሂንጉላ» ወይም «ናጋ» የሚሉ ስሞች ካዩ አይዋጡት። ፓራዳ ሜርኩሪ ነው፤ ናጋ እርሳስ ነው። እነዚህ ካልተጻፉም ምርቱ በገለልተኛ ላብራቶሪ ለከባድ ብረቶች መመርመሩን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ። ሰነድ የሌለው ሻጭ የሚሰጥዎ መሐላ ነው፤ መሐላ ደግሞ እርሳስን ከኩላሊት አያወጣም።

ዕፅዋቱም ቢሆኑ ሲዋጡ ጠባያቸው ይለወጣል። ሊኮሪስ ብዙ ጊዜ ሲወሰድ የደም ግፊት ያስነሣል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ወጥ ውስጥ የምናደርገው እርድ ለብዙዎች ችግር የለውም፤ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ተቀላቅሎ በእንክብል የሚሸጠው የእርድ ንጥር ግን የአንዳንድ ሰዎችን ጉበት እንደጎዳ ተመዝግቧል።

7. «በሳምንት ያነጣል» የሚልዎትን ይሽሹ

የፊት ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ጥሩ ሕክምናም ቢሆን ለውጡ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በቀናት ውስጥ ፊት የሚያፈካ «የዕፅዋት» ክሬም ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ የተደበቀበት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ስቴሮይዱ ሲቆም ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ብጉር ይወጣበታል፣ ጥቁረቱም ብሶ ይመለሳል። ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ከተቀባው ሰው ጋር የሚተኛውና ጡት የሚጠባው ሕፃንም ይመረዛል።

ዓላማው ጥቁረቱን ከተቀረው ፊትዎ ጋር ማመሳሰል ነው። ጠይምነት በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። «ማድያትን ያጠፋል» ብሎ ጀምሮ «ቀይ ያደርጋል» ብሎ የሚጨርስ ሻጭ የሚሸጥልዎ ሌላ ነገር ነው።

8. ከማጀት የሚወሰደውንም ይጠንቀቁ

እርድ በማርና በሎሚ መለጠፍ በአዩርቬዳ ስም በየቦታው ይመከራል። ሎሚው ይቅርብዎ። በሎሚ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ቃጠሎው ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ይተዋል። ጤና አዳምም ያው ጠባይ አለው፤ ጨምቀው ፊት ላይ እንዳይቀቡት።

ማንኛውንም አዲስ ልጥፍ ወይም ዘይት መጀመሪያ ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል፣ ክርን እጥፋት አጠገብ፣ የሳንቲም ስፋት በምታህል ቦታ ይቀቡ። ማታ ማታ ይድገሙት። እስከ ሳምንት ድረስ ካላሳከከ፣ ካልቀላ፣ ካልተቆጣ ከጆሮዎ በታች መንጋጋው ጠርዝ ላይ ይሞክሩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉንጭ የሚኬደው። ፊትዎን በሻካራ ዱቄት አይፈትጉ፤ የተፈተገ ጠይም ቆዳ ይጠቁራል።

9. እርግዝና፣ ጡት ማጥባትና የሚወስዱት መድኃኒት

በእርግዝና የመጣ ማድያት ለብዙ ሴቶች ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ ራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የሚዋጥ የአዩርቬዳ መድኃኒትና የሚያስቀምጥ ሕክምና አይውሰዱ። እርሳስም ሜርኩሪም ወደ ፅንሱ ያልፋሉ። ጡት እያጠቡም ከሆነ ይህንኑ ይጠብቁ።

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ኩላሊትዎ ወይም ጉበትዎ ሕመም ካለበት፣ የሚዋጠውን ከመጀመርዎ በፊት እሽጉን ለሐኪምዎ ያሳዩ። «ባህላዊ ነው» ብለው አይደብቁት። የወሊድ መከላከያዎ ማድያቱን ያመጣ ከመሰለዎም በራስዎ አያቋርጡ፤ ሆርሞን የሌለበት አማራጭ እንዳለ ይጠይቁ።

10. የሚያክምዎ ማን ነው?

በህንድ የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን ቢኤኤምኤስ የሚባል፣ ከተግባር ልምምዱ ጋር አምስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ከዚያም መመዝገብ ያስፈልጋል። መንግሥትም በእ.ኤ.አ. 2014 ለባህላዊ ሕክምናዎች አዩሽ የተባለ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቁሟል። ህንድ ሄደው ከታከሙ የምዝገባ ቁጥሩን ይጠይቁ። አሜሪካ የምትኖሩ ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ለአዩርቬዳ ባለሙያ የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ክፍለ ግዛት የለም፤ የጥቂት ሳምንት ሥልጠና የወሰደም ራሱን ባለሙያ ብሎ ሊጠራ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁም የአዩርቬዳ ክሊኒክን ከማሳጅ ቤት ለዩ፤ ግድግዳው ላይ የጤና ባለሥልጣኑን ፈቃድ ፈልጉ።

ባለሙያውን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ የሚሰጡኝ ነገር ውስጥ ምን ምን አለ? በስንት ሳምንት ለውጥ ካላየሁ እናቆማለን? የቆዳ ሐኪም ያዘዘልኝን ልቀጥል? ጥሩ ባለሙያ ሦስቱንም ሳይቆጣ ይመልሳል። «ያንን መድኃኒት ጣሉት፣ እኔን ብቻ እመኑ» የሚል ካጋጠመዎ ይሰናበቱት።

11. ከፀሐይ ሳይከለሉ ምንም አይጀምሩ

የትኛውም ሕክምና፣ የህንድም ይሁን የፈረንጅ፣ ፀሐይ በየቀኑ ከሚያበላሸው ጋር ተፎካክሮ አያሸንፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ያታልለናል እንጂ ጨረሩ ኃይለኛ ነው።

ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሳንስክሪን በሁለት ጣት ርዝመት ልክ አውጥተው ፊትና አንገትዎን ይቀቡ፤ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ለእኛ ዓይነት ቆዳ የሚሻለው ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥላና ነጠላም ይረዳሉ። የዕፅዋት ዘይት ፀሐይን አይከላከልም፤ ማታ ይቀቡት፣ ጠዋት ይታጠቡት።

12. መቼ እንደሚያቆሙ አስቀድመው ይወስኑ

በመጀመሪያው ቀን በአንድ መስኮት ፊት፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ቅባት ፊትዎን ፎቶ ያንሱ። በየአራት ሳምንቱ በዚያው ቦታ ይድገሙት። በአንድ ጊዜ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይሞክሩ፤ ሦስት ነገር አብረው ከጀመሩ የረዳዎትንም የጎዳዎትንም አያውቁትም። በ12 ሳምንት ለውጥ ከሌለ ይተዉት። ማቃጠል፣ ማበጥ ወይም የጥቁረቱ መስፋት ከመጣ ዕለቱን ያቁሙ። የሚዋጥ ወስደው ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም እግርዎ ካበጠ እሽጉን ይዘው ሆስፒታል ይሂዱ።

ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይመልሱ

☐ ጥቁረቱ ማድያት መሆኑን የቆዳ ሐኪም አይቶልኛል።
☐ የቀረበልኝ የሚቀባ፣ የሚዋጥ፣ የሚያስቀምጥ ወይም ደም የሚያወጣ መሆኑን ለይቻለሁ።
☐ ሙሉ ይዘቱን፣ የአምራቹን ስምና የባች ቁጥሩን አንብቤያለሁ።
☐ የሚዋጥ ከሆነ የከባድ ብረት ምርመራ ወረቀት አይቻለሁ።
☐ እርጉዝ አይደለሁም፣ አላጠባም፤ መድኃኒት የምወስድ ከሆነም ሐኪሜ ያውቃል።
☐ የሚቀባ ከሆነ ክንዴ ላይ ለአንድ ሳምንት ሞክሬዋለሁ።
☐ ሳንስክሪን በየቀኑ እየተቀባሁ ነው።
☐ የማቆሚያ ቀኔንና ከዚህ በላይ የማላወጣውን ገንዘብ ጽፌ አስቀምጫለሁ።

ሁሉም ላይ ምልክት ካደረጉና ምርጫዎ የሚቀባ ከሆነ ይሞክሩት፤ ብዙ የሚያሰጋ ነገር የለውም። ምርጫዎ የሚዋጥ ከሆነና አንዱ እንኳ ባዶ ከቀረ ግን ገንዘብዎን ኪስዎ ይመልሱ። በዚያው ገንዘብ ቀለም ያለው ሳንስክሪን ይግዙና የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ይያዙ።